ጎፈሬ ለጨረታ ያቀረበው ሰዓት

ላሞቹ በረት ገብተዋል፣ በሩም ተዘግቷል፤ እንግዲህ ተረት ከመስማት የሚያግዳችሁ የለም። የምነግራችሁ የእንስሳት ነገር ነው። ሰው እንዲህ ያለ ሥራ እንደማይሠራ አውቃለሁና ማንም ስለ እኔ ነው የተወራው ብሎ እንዳይቀየመኝ።

ድሮ በአንድ ጫካ መካከል የሚወርድ ሰፊ ወንዝ ነበር። ሰዎች መጡና ከላይ በኩል ገደቡት። ከዚያ ወዲህ ወንዙ አሸዋና ድንጋይ ብቻ ሆነ፤ እንስሳቱም ከወዲህ ማዶ እያደሩ፣ ከወዲያ ማዶ እየበሉ በደረቁ አሸዋ ላይ ይመላለሱ ጀመር። ችግር የሚመጣው ክረምት ሲገባ ነበር። ክረምት ሲገባ ግድቡ ይሞላል፤ ሲሞላ ሰዎቹ በሩን ይከፍቱታል። ሰው መቼም የሰዓት ባሪያ ነውና የሚከፍቱት በየቀኑ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የሚለቀቀው ውሃ ደግሞ ግንድ እየነቀለ ነው የሚመጣው። በክረምት ፀሐይ ከደመና ጀርባ ተደብቃ ስለምትከርም፣ ዘጠኝ ሰዓት መድረሱን ቀና ብሎ አይቶ ማወቅ አይቻልም።

የመጀመሪያው ክረምት ብዙ ነፍስ በላ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ሽበቱ የሚባል ሽማግሌ ዝንጀሮ ከአንድ መሐንዲስ ሰዓት ሰረቀ። መሐንዲሱ ገላውን ሊታጠብ ሰዓቱን ቅርንጫፍ ላይ አንጠልጥሎት ነበር። ሽበቱ ሰርቆ ብቻ አልተቀመጠም፤ ከመሐንዲሶቹ ድንኳን በላይ ዛፍ ላይ እየዋለ ሰዓት እንዴት እንደሚሞላና እንዴት እንደሚነበብ አጠና። ከዚያ በኋላ ክረምት በመጣ ቁጥር ከወንዙ በላይ ካለው ቋጥኝ ላይ ይቀመጣል፤ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ደረቱን ነፍቶ ይጮኻል። ጥቂት የሚላትን ጊዜ የለካው በኤሊ እርምጃ ነው። ኤሊ ከአሸዋው መካከል ብትሆን እንኳ ዳር የምትደርስበትን አስቦ ነበር የሚጮኸው።

ሽበቱ ሲሞት ሰዓቱን ለልጁ ለጎፈሬ ሰጠው። በየጠዋቱ እንዲሞላው አደራ አለው፤ ሌላም የሚያወርሰው አልነበረውም። ጎፈሬ አደራውን ተቀበለ፣ ጥቂት ክረምትም በደንብ ጮኸ። ሲያልፍ ሲያገድም ሁሉም ብድግ ይልለት ነበር። መከበሩን ይወደዋል፤ ነገር ግን በመከበር ብቻ ሆዱ የሚሞላ ዝንጀሮ አልነበረም።

በዚህ መካከል እመት ሸረሪት ገበያ ከፈተች። ወንዙን ተሻግራ ከወዲህና ከወዲያ በበቀሉ ሁለት ሾላዎች መካከል ትልቅ ድር ዘረጋች፤ ከድሩም ወደ እያንዳንዱ ጎሬና ጎጆ አንዳንድ ክር ሳበች። የሚሸጥ ያለው የዕቃውን ሥዕል ቅጠል ላይ አስሥሎ ድሩ ላይ ያሰቅላል፤ የሚገዛው ከቤቱ ሳይወጣ ክሩን ይጎትታል። አንድ ጊዜ የጎተተ በዋጋው ላይ አንድ ቁና በቆሎ ጨመረ ማለት ነው። ጎፈሬ ከቋጥኙ ላይ ሲጮኽ ጨረታው ይዘጋል፤ መጨረሻ የጎተተ ይወስዳል። ሸረሪት ራሷ አትሸጥም፣ አትገዛም፤ ከሁሉም ድርሻዋን ብቻ ትቆርጣለች። በቆሎ እንኳ አትበላም፤ የቆረጠችው በቆሎ ሲበሰብስ የሚያርፍበት ዝንብ ግን ይበቃታል።

መጀመሪያ በድሩ ላይ የሚሸጠው ማርና ሥራሥር ነበር። ኋላ መሐንዲሶቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ የተሰበሩና የቆሙ ሰዓቶቻቸውን ቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ ጥለው ሄዱ። ቁራም ከከተማ እየሰረቀ ያመጣ ጀመር። አያ ጅቦ አንዱን ገዝቶ እጁ ላይ አሰረና በመንደሩ ተንጎማለለ። ከዚያ በኋላ ጉድ ፈላ። ከርከሮ ሰዓት ሳያስር እንቅልፍ አልወስደው አለ፤ ጃርት ለክረምት የቀበረውን ስንቅ ቆፍሮ አውጥቶ ገዛ፤ ሚዳቋ እግሯ ቀጭን ስለሆነ እየወለቀ ቢያስቸግራት ከአንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። ሰዓት ማንበብ የሚያውቅ ከመካከላቸው አንድም አልነበረም። አያስፈልገንም አሉ፤ ሰዓቱን የሚነግራቸው ጎፈሬ አለላቸው።

ይባስ ብሎ የሚሠራ ሰዓት ተናቀ። ይህን ያመጣው አያ ጅቦ ነው። እንደ እሱ አባባል የሚሠራ ሰዓት ያገለገለ ሰዓት ነው፤ ማገልገል ደግሞ የሎሌ ነው። ባለ ክብር ሰዓት ተሞልቶ የማያውቅ፣ ቁልፉ ዞሮ የማያውቅ፣ ከተሠራ ጀምሮ ባለበት የቆመ ሰዓት ነው። እንስሳቱ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን በማስተዋል ነቀነቁ። ጅብ በቆሎ እንደማይበላ ሁሉም ያውቃል፤ ሌላው ስለሚፈልገው ብቻ ጎተራ ሙሉ አከማችቶ ነበርና ንግግሩ ክብደት ነበረው።

ጎፈሬ ከቋጥኙ ላይ ሆኖ ይህን ሁሉ ያያል። ጣት ካላቸው እንስሳት አንዱ ነው፤ ሰዓት ከፍቶ መግጠምም ከአባቱ ተምሯል። ቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ ወረደና የአንዱን ፊት ከሌላው ጀርባ፣ የሦስተኛውን ማሰሪያ ከአራተኛው መስታወት ጋር እያጋጠመ ሰዓት ይፈጥር ጀመር። ሥዕሉን የምትሥልለት የአክስቱ ልጅ ጦጢት ነበረች። ጦጢት የተሰነጠቀውን ጎን ወደ ጥላ አዙራ መሣል የምታውቅ ባለሙያ ነች። ከሥዕሉ ሥር ጎፈሬ ይጽፋል፤ «ብርቅ»፣ «ከአንድ ባለቤት እጅ የወጣ»፣ «ዳግመኛ የማይገኝ»። ዳግመኛ እንዳይገኝማ እሱ ራሱም የትኛውን ከየትኛው እንደገጠመው አያስታውስም።

ጦጢት ሌላም ሥራ ነበራት። ጨረታው የቀዘቀዘ እንደሆነ እሷ ትጎትታለች። የምትጎትተው በሦስት ክር ነው፤ አንዱ የራሷ፣ አንዱ የሟች እናቷ፣ አንዱ ማንም ከማይኖርበት ባዶ ጎሬ የሚመጣ። ገዢው ሌላ ፈላጊ የመጣበት እየመሰለው ይሞቀዋል፣ ይጨምራል። ሲበቃው ጦጢት እጇን ትሰበስባለች፤ ያኔ ጎፈሬ ይጮኻል። ለድካሟ የተወሰነ በቆሎ ይሰጣታል፤ እሷም ይህን ያህል አትጠይቅም፤ ጨዋታው ራሱ ይጥማት ነበር።

ሸረሪት ገበያዋ እንዲታመን ብላ ኮከብ የሚባል ነገር አምጥታለች። ገዢ ለሻጭ ኮከብ ይሰጣል፤ ሻጭም ለገዢ ይሰጣል። የነፈገ ይነፈጋል። ስለዚህ ሁሉም ለሁሉም ኮከብ ሰጥቶ፣ በዚያ ጫካ አንድም አታላይ እንደሌለ በድሩ ላይ በግልጽ ይታይ ነበር። አንድ ጊዜ ሚዳቋ የገዛችው ሰዓት ውስጡ ጉንዳን ሰፍሮበት መጣላትና ለጎፈሬ ቅሬታ ላከች። ጎፈሬ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ከሥዕሉ ግርጌ «እንዳለ የሚሸጥ» ተብሎ በደቃቃ ጽሕፈት መጻፉን አስታወሳት፤ ጉንዳኖቹም ጭምር እንዳሉ ነው የተሸጡት አላት። ሚዳቋም ይቅርታ ጠይቃ ኮከቧን ሰጠችው።

ከድሩ አናት ላይ አንድ ቦታ ነበረች። እዚያ ላይ የሚሰቀለው የቁንጮ ሻጭ ስም ነው። ስሙ እዚያ የተሰቀለ ከዚያ ወዲያ ምን ቢሸጥ ማንም አይጠይቀውም፤ ድንጋይ ቢሰቅል እንኳ ይጎተትለታል። ያንን ቦታ ሥራሥር እየቆፈረ በመሸጥ ከርከሮ ይዞታል። ጎፈሬ ከቋጥኙ ላይ ቀና ባለ ቁጥር የከርከሮን ስም ያያል፤ ባየ ቁጥርም ምሳው አይወርድለትም። በቅጥልጥል ሰዓት እዚያ እንደማይደርስ ገባው። አንድ ትልቅ ዕቃ ያስፈልገዋል፤ ትልቅ ዕቃ ደግሞ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እጁ ላይ የታሰረው የአባቱ ሰዓት።

ብዙ አላቅማማም። አንድ ጠዋት ሳይሞላው ቀረ። ሰዓቱ እየደከመ፣ እየደከመ ሄዶ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ቆመ። ጎፈሬ ጆሮው ላይ ለጠፈው፤ ምንም የለም። ያ ድምፅ ልጅ ሆኖ በአባቱ ደረት ላይ እያንቀላፋ የሰማው ድምፅ ነበር። ያም ሆኖ አመድ አመጣና መስታወቱን ይፈትግ ጀመር። ከጀርባው ሽበቱ ነክሶ የከፈተበት የጥርስ ምልክት ነበረ፤ እሱንም እስኪጠፋ ፈተገው። ከዚያ ጦጢት ሣለችው፤ እሱም ከሥሩ ጻፈ፤ «የታላቁ መሐንዲስ ሰዓት። ከተሠራ ጀምሮ አንድም ቀን አልተሞላም።»

ጫካው ተነቃነቀ። ጨረታው ለሳምንት እንዲቆይ ተወሰነ። አያ ጅቦ ወዲያው ጎተተ፤ ከርከሮም እልህ ይዞት ጎተተ፤ በመካከላቸው ሟቿ የጦጢት እናት ጎተተች። ጅብ ግን ሞኝ አይደለሁም ለማለት በየማለዳው አዲስ ሥዕል እንዲሣልለት ጠየቀ። ቆጣሪዎቹ ከአራት ሰዓት ተኩል ስንዝር ቢነቃነቁ እጄን አወጣለሁ አለ። ስለዚህ ጎፈሬ ሰዓቱን በስውር እንኳ ሊሞላው አልቻለም።

ጊዜው ክረምት ነበርና በዚያ ሳምንት በየቀኑ ከቋጥኙ ላይ የጮኸው በግምት ነበር። ሲፈራ ጊዜ አስቀድሞ ይጮኻል። እንስሳቱ ምሳቸውን ሳይጨርሱ ከማዶ እየሮጡ ይመጡና ዳር ቆመው ይጠብቃሉ፤ ውሃው ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ ስንት ጊዜ አዛግተው ካበቁ በኋላ ይመጣል። ማጉረምረም ጀመሩ። ጎፈሬ ግን ቀድሞ መጮህ ማንን ገደለ ብሎ ራሱን አጽናና። እንዲያውም ሳያስበው አንድ ነገር ተማረ፤ ከጩኸቱ በኋላ ብዙ ትርፍ ጊዜ እንዳለ።

እማማ ኤሊ አንድ ቀን ቋጥኙን ስትወጣ ውላ ከፊቱ ደረሰች። የአባቱ ባልንጀራ ነበረች፤ ዕድሜዋም ከጫካው ዛፎች ከብዙዎቹ ይበልጣል።

«ልጄ፣ ጩኸትህ ተዛባብኝ፤» አለችው። «እኔ ሯጭ አይደለሁም። አሸዋው ውስጥ የምገባው አንተን አምኜ ነው። ሰዓቱ ታሟል እንዴ?»

ጎፈሬ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። ሰዓቱ ደህና እንደሆነ፣ ሰዎቹ በሩን የሚከፍቱበትን ጊዜ ቀያይረው እንደሆነ ነገራት። ኤሊ ድሩን አየችው፣ ቅጠሉን አየችው። ማንበብ አትችልም፤ ሥዕሉን ግን ለየችው። ቋጥኙን መውረድ ጀመረች።

የመዝጊያው ቀን ደረሰ። ከቤቱ ሆኖ የሚጎትት ይዘገያል፣ ከድሩ ሥር ቆሞ የሚጎትት ይቀድማል የሚል ወሬ ስለተነዛ፣ ተጫራቹም ተመልካቹም ክሩን እየጠቀለለ ወንዙ ውስጥ ወረደ። አሸዋው ጠበበ። ከርከሮ ላብ በላብ ሆኗል። ጃርት የሚከፍለው ቁና እንኳ ሳይኖረው ለወሬው ብቻ መጥቷል። አያ ጅቦ ከእጁ አንጓ እስከ ክርኑ ሰዓት ደርድሮ፣ ክሩን በአንድ ጣቱ ይዞ፣ ሰማይ ሰማይ ያያል። ልማዱ ነው፤ ጨረታው ሊዘጋ ሲል ሌላው ሳይዘጋጅ በድንገት ጎትቶ መውሰድ ያውቅበታል።

ጦጢት ወደ አሸዋው ከመውረዷ በፊት ሦስቱን ክር በጣቶቿ ላይ እየጠመጠመች ቋጥኙ ላይ መጣች።

«ዛሬ ዓይኔን ከክሩ ላይ ከነቀልኩ እቀደማለሁ፤» አለችው። «የውሃውን ነገር አንተ ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ፤» አላት።

ጨረታው ጦፈ። ከርከሮ ሲጎትት ጦጢት ትጎትታለች፣ ጦጢት ስትጎትት ከርከሮ ያብዳል። ዋጋው በጫካው ተሰምቶ የማይታወቅ ቁና ደረሰ። ጎፈሬ ሊጮኽ አፉን ከፈተ፤ በዚያችው ቅጽበት ከርከሮ ጎተተ፤ አፉን ዘጋ። ጅብ ገና አልጎተተም፤ ጅብ ሳይጎትት ቢዘጋው የሚቀርበትን አሰበ። ደግሞም ትርፍ ጊዜ እንዳለ ከሳምንቱ ተምሯል። ከድሩ አናት ላይ የከርከሮን ስም አየ። አንድ ጊዜ ብቻ ይጎትቱ አለ በልቡ። ጎተቱ። አሁንም አንድ ጊዜ አለ።

ድንገት ፍርሃት ሽው አለበትና ከልማድ የተነሳ እጁን ወደ ዓይኑ አነሳ። አራት ሰዓት ተኩል። እፎይ አለ፤ ገና ነው። ሰዓቱን ያቆመው እሱ ራሱ መሆኑ ትዝ እስኪለው ድረስ ነው እፎይ ያለው። ትዝ ሲለው ከላይ በኩል የሚያስገመግም ድምፅ ጆሮው ገባ።

ጮኸ። አባቱ ጮኾ በማያውቀው ጩኸት ጮኸ። ከታች ያሉት ግን ጩኸቱን የሰሙት እንደ ጨረታ መዝጊያ ነው፤ ከመሮጥ ይልቅ ሁሉም በአንድ ላይ ክሩን ለመጎተት ዘለለ። ውሃው በላያቸው ላይ መጣ። አያ ጅቦ ጉልበታም ነውና ሥር ይዞ ወጣ። ከርከሮ ከነጭቃው ዳር ላይ ተተፋ። ጃርት አልወጣም። ጦጢት ዋና ታውቅ ነበር፤ ነገር ግን ክሮቹ ጣቶቿ ላይ ተጠምጥመዋል፣ ሸረሪት ደግሞ ጠንካራ ክር ነው የምትፈትለው። ጎፈሬ ከቋጥኙ ላይ ሆኖ እጇ ከውሃው በላይ ወጥቶ አየው። ውሃው ሲወስዳት ሦስቱ ክሮች ተወጠሩ፤ ከዚያ ተራ በተራ ተበጠሱ።

ወደ ማምሻው ውሃው ጎደለ። የተረፉት እየተንጠባጠቡ ቋጥኙ ሥር ተሰበሰቡ። ጎፈሬ ወርዶ ከዳር እስከ ዳር ጦጢትን ሲፈልግ ቆይቶ፣ ሲያጣት ጭቃው ላይ ተቀምጦ ነበር። እመት ሸረሪት ከቀረው ድር ላይ በቀጭን ክር ወረደችና ከፊቱ ተንጠለጠለች።

«እንኳን ደስ ያለህ፤» አለችው። «መጨረሻ የጎተተችው ጦጢት ናት። እንዲያውም ሦስት ጊዜ ጎትታለች። እንዲህ ያለ ዋጋ በድሬ ላይ ታይቶ አያውቅምና ስምህን አናቱ ላይ እሰቅላለሁ። ድርሻዬን መቼ ታመጣልኛለህ?»

 አያ ጅቦ ጣልቃ ገባ። ጨረታው በደንቡ አልተዘጋም ብሎ ተከራከረ፤ እሱ የጎተተው ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ነው፣ ጦጢት የጎተተችው ካለፈ በኋላ ነው አለ። ማስረጃ አምጣ ሲባል ክርኑ ድረስ የተደረደሩትን ሰዓቶች ዘረጋ። አንዱ ሁለት ይላል፣ አንዱ አሥራ አንድ ይላል፣ አንዱ ቆጣሪ የለውም። ከርከሮም የራሱን አወጣ፣ ሚዳቋም ከአንገቷ አውልቃ አቀረበች። ሁሉም በየሰዓቱ ማለ፤ ከሞቱት ስም ያነሳ አልነበረም። ጠቡ ሊነሳ ሲል ጅብ አንድ ነገር ታየውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ጎፈሬ ተጠጋ።

«ስማ፣ የክርክሩን ነገር እንተወው፤» አለው። «ሰዓቱ አሁን ዋጋው ጨምሯል። እስከ ዛሬ ያልተሞላ ሰዓት ብቻ ነበር። አሁን ግን ታሪክ አለው፤ ነፍስ የጠፋበት ሰዓት ነው። እንዲህ ያለ በየትም ድር ላይ አይገኝም። እኔና አንተ በጎን እንጨርሰው።»

ጎፈሬ እጁ ላይ ያለውን ሰዓት አየ። አራት ሰዓት ተኩል ይላል። ቁልፏን በጣቱ ነካት፤ ለመሙላት የሚፈጅበት ዓይን ጨፍኖ መግለጥ ነው። ነገም ውሃው ይለቀቃል። ጣቱን ቁልፏ ላይ አቆየ፤ ከዚያ ሳያዞራት አነሳው።

«ስንት ትላለህ?» አለው።

ከኋላቸው ድንጋይ ሲንከባለል ተሰማ። እማማ ኤሊ ነበረች። አሸዋውን ስታቋርጥ ውሃው አንከባልሎ ሩቅ ወስዷት፣ ከሁለት ድንጋይ መካከል ተወትፋ ቆይታ፣ ውሃው ሲጎድል ወጥታ ያን ሁሉ መንገድ መመለሷ ነው። ጀርባዋ ተሰንጥቋል። ትንፋሿን እስክትሰበስብ ቆመች።

«ነገ ማን ይጮኽልናል ብዬ ልጠይቅህ ነበር የመጣሁት፤» አለችው። «መልሱን ሰማሁት። ውሃው ራሱ ይጮኽልናል።»